የኋላ እግሩ ጥፍር

መዶሻውን መቀነቴ ውስጥ ሸጉጬ ቁልቁል ወደ ወደቡ በር ስገሰግስ፣ ባሌ ዐብዴሊም ከኋላዬ እየተደናቀፈ ይከተለኝ ነበር። የደሴታችን የአርዋድ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ዓሣ ተሸክመው ሽቅብ የሚመጡ ሴቶች ፊቴን ሲያዩ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አሳለፉኝ። እንዴት አደርሽ ያለችኝ አንዲት እንኳ አልነበረችም።

«አሪሻት፣ ኧረ ቀስ በይ! ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል! ዛሬ ያላለ መቼ ሊል ነው?»

«ስሚኝ እስቲ። ሽማግሌዎቹ የጠሩኝ ለአንዲት ጥያቄ ነው። ‹ይህ ማኅተም የእጅህ ሥራ ነው?› ይሉኛል፤ ‹አዎ› እላለሁ፤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። የእጄ ሥራ አይደለም እንዴ? ውሸቱ ምኑ ላይ ነው?»

ቆም ብዬ ዞርኩበት። እሱም ቆመ። ላቡ ከግንባሩ አልፎ ጢሙ ውስጥ ገብቷል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ፊቱ እንደ ዛሬ አስጠልቶኝ አያውቅም።

«እውነት ተናግረህ የሻፋጥን ልጅ መርከብ ላይ ልታስጭናት ነው አይደል?» አልኩት። «ብትዋሽ ይሻልህ ነበር። ስትዋሽ እንኳ ታፍራለህ።»

ባሌ ማኅተም ቀራጭ ነው። በደሴቲቱ ላይ ሦስት ቀራጮች አሉ፤ ሁለቱ ሥራቸውን ለባለቤቱ ከማስረከባቸው በፊት እሱ እንዲያይላቸው ይዘው ይመጣሉ። ድንጋዩን በቅጥራን እንጨት ጫፍ ላይ ያጣብቅና መሰርሰሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ይመራል። ደጋኑን ወዲያና ወዲህ እየሳብኩ መሰርሰሪያውን የማሽከረክረው እኔ ነኝ። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል፣ በጥንዚዛ ቅርጽ በተጠረበች ድንጋይ ሆድ ላይ ክንፍ ያለው አንበሳ ወይም የሰው ፊት ያላት አውሬ ስትወጣ ያየ ሁሉ ባሌን አስማተኛ ይለዋል። እኔን ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም፤ አቧራው ግን ሳንባዬን ያውቀዋል።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠውን የሠራው ለሻፋጥ ነው። ሻፋጥ ባለመርከብ ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መጥቶ በአረንጓዴ የኢያስጲድ ድንጋይ ላይ የንስር ራስ፣ የአንበሳ ገላና አራት ክንፍ ያለው አውሬ፣ ከአውሬውም ሆድ በታች ስሙን እንዲቀርጽለት አዘዘ። ሥራው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነፋሱ ዞረና መርከቡ መነሣት አለበት ተባለ። ሻፋጥ ድንጋዩን ከቅጥራኑ ላይ መንጭቆ ሄደ ማለት ይቻላል። የአውሬው የኋላ ግራ እግር ጥፍር ሳይወጣለት ክብ ጉድጓድ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሻፋጥ «ጥፍር የሌለው አውሬ ማንንም አይቧጭርም፤ ለእኔ እንዲያውም ይሻለኛል» ብሎ ሳቀ። ባሌ ግን አልሳቀም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እየበላም እየጠጣም፣ ስለዚያ እግር አወራ። በእኔ ላይ እንኳ እንደዚያ ተጨንቆ አያውቅም።

ሻፋጥ ባለፈው ኤታኒም ወር ሞተ፤ ሰባት ወሩ ነው። ደሴታችን ላይ መቃብር ስለሌለ ሬሳ በጀልባ ወደ ማዶ የብስ ይሻገራል። ከመሻገሩ በፊት ማኅተሙን የቀረጸው ሰው ድንጋዩን በጀልባ ማሰሪያው ምሰሶ ላይ አስቀምጦ በሕዝብ ፊት ይሰብረዋል፤ ስባሪውም መግነዙ ላይ ይሰፋል። ከዚያ ወዲያ በሟች ስም የሚያትም የለም። ማዶም ሲደርስ ሟቹን ማን እንደሆነ የሚናገርለት ያ ስባሪ ነው፤ ያለ እሱ ስም የሌለው ሰው ሆኖ ከሙታን አገር ደጅ ቆሞ ይቀራል። በሻፋጥ ቀብር ዕለት ዐብዴሊም አረንጓዴ ድንጋይ ሲሰብር ሁላችንም ቆመን አየን፤ እኔም አለቀስኩ። የሰበረው ለካ ያንኑ የሚያህል፣ ስንጥቅ ስላለበት የተጣለ ጠጠር ኖሯል። የእጁን ሥራ መስበር አቅቶት በመዳፉ ለውጦ ቤት ይዞት ገባ።

ደብቆ ቢያስቀምጠው እንኳ ምን ነበረበት! በሦስተኛው ቀን ጥፍሩን ቀረጸለት። ሦስት ጥፍር፣ ከገብስ ጢም የቀጠኑ።

ያም አልበቃውም። በክረምቱ አጋማሽ የሻፋጥ ወንድም ገርሳኮን ለራሱ ማኅተም ሊያዝ መጣ። ምላሱ ማር ነው። «እንዳንተ ያለ እጅ በጢሮስም የለም» ሲለው ባሌ ቀለጠና አውሬውን ከጉያው አውጥቶ አሳየው። ለሟቹ ወንድም! ሌላ ሰው ቢሆን ጮኾ ከተማውን በሰበሰበ ነበር። ገርሳኮን ግን «ደግ አደረግህ፤ ይህን የመሰለ ሥራ እንዴት ይሰበራል?» አለውና ባሕር ተሻግረው ለሚመጡት የኪቲም ሰዎች አሳይቼ ልመልስልህ ብሎ ለሦስት ቀን ተዋሰው። ባሌም አውጥቶ ሰጠው። ሲመለስ ሳጸዳው ከክንፉ ሥር ትኩስ ጭቃ አገኘሁና በመርፌ ጠረግሁት። ምን ላይ እንደታተመ የገባኝ ግን ዛሬ ጠዋት ነው፤ ከሽማግሌዎቹ የተላከው ሰው ደጃችን ቆሞ ሲናገር።

ገርሳኮን ጥቅልል አውጥቷል። ሻፋጥ ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው አንዲት ልጁን በትኖዓምን ለአንድ የኪቲም ባለመርከብ ድሯል፤ ቤቱንም ለወንድሙ ሰጥቷል ይላል። ጥቅልሉ ላይ ያለው ማኅተም የሻፋጥ ነው። ሰውዬው ከአባቷ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው፤ ሦስት ሚስት አለው። መርከቡም ዛሬ በቀትር ነፋስ ይነሣል።

«ሁሉን ከተናገርኩ የቀራጮቹ ማኅበር ያባርረኛል» አለ ዐብዴሊም፤ አሁንም ከኋላዬ ነው። «መሣሪያዬን ባሕር ይጥሉታል። ምን በልተን እንኖራለን?»

«ዓሣ ትበልታለህ።»

«በዚህ እጄ?»

«አዎ በዚያ እጅህ! እጄ እጄ ስትል ነው እዚህ ያደረስከን!»

በሩ ጋ ስንደርስ ወደቡ በሰው ተሞልቷል። አምስቱ ሽማግሌዎች በድንጋይ መቀመጫቸው ላይ ናቸው፤ የሚናገረው ግን ዓይኑ የደከመው አለቃቸው ባዕልሺሌክ ብቻ ነው። ገርሳኮን አዲስ ቀይ ካባ ለብሶ መሐል ቆሟል። በትኖዓም በእናቷ የልብስ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላለች። ዕድሜዋ ገና አሥራ ሰባት ነው፤ አገጯ ግን የአባቷ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች አጠገቧ ቆመዋል። ሣጥኑን ከነእሷ ብድግ ማድረግ አያቅታቸውም፤ ዓይኗን ፈርተው ነው።

«ተነሺ እንጂ ልጄ» ይላታል ገርሳኮን። «ነፋሱ አንቺን አይጠብቅም።»

«ልጄ አትበለኝ። አጎቴ ነህ፤ እሱም ምርጫ አጥቼ ነው።»

ሰው ሳቀ። ገርሳኮንም አብሮ ሳቀ፤ የተሸነፈ ሰው አሳሳቅ አልነበረም። ደሜ ፈላ።

«ዐብዴሊም፣ ቅረብ» አለ ባዕልሺሌክ። «ይህን ማኅተም እይልን። የእጅህ ሥራ ነው?»

ባሌ ጥቅልሉን ተቀብሎ በክሩ ላይ የደረቀውን ጭቃ ወደ ብርሃን አዞረው። አየሁት። ለአፍታ ፍርሃቱን ረስቶ ጥፍሮቹን አየና ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣ። ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ እሱ በሥራው ይደሰታል! መዶሻው መቀነቴ ውስጥ እሳት ሆነብኝ።

«የእጄ ሥራ ነው፣ ጌታዬ።»

«ማኅተሙ የሻፋጥ ነው?»

«ነው።»

ጠበቅሁት። ጥቅልሉን መለሰላቸውና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እንግዲህ አለቀ» አለ ገርሳኮን። «ሣጥኑን አንሡ!»

«አላለቀም!» አልኩ። ድምፄ ከበሩ ግንብ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ እኔንም አስደነገጠኝ።

«አንቺ ሴት፣ ማን ጠራሽ?» አለ ባዕልሺሌክ።

«ማንም አልጠራኝም፣ ጌታዬ። በእግሬ ነው የመጣሁ።»

«በማኅተም ነገር የሚሰማው የቀራጭ ቃል ነው፤ የቀራጭ ሚስት ቃል አይደለም።»

«እኔም ቀራጩ ይናገር ነው የምለው! እሱ ካልተናገረ ደግሞ ሣጥኑ ይናገር። ያ ሣጥን የታተመ ነው። ማን አተመው?»

ሁሉም ወደ በትኖዓም ዞሩ። እሷ ያየችው እኔን ነው፤ ምን ልታመጣ ነው በሚል ዓይን።

«አባቴ ነው ያተመው» አለች። «ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ተኝቶ ሳለ። እኔ ጭቃውን ያዝኩለት። ‹ስትዳሪ ክፈቺው› አለኝ። አጎቴም አጠገባችን ቆሞ ያለቅስ ነበር። አምርሮ ነበር ያለቀሰው፤ ሰው ሁሉ አይቷል።»

«እንግዲያው የሁለቱን አውሬ የኋላ ግራ እግር እዩ» አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚያንሰው ጥቅልሉን ይዞ በሣጥኑ ፊት ተንበረከከ። በትኖዓም እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት እንጂ አልተነሣችም። ሰውዬው አንዴ ይህን አንዴ ያንን አየ። ከዚያ በጣቱ ዳበሰ።

«የሣጥኑ ጥፍር የለውም» አለ። «ክብ ነው። የጥቅልሉ ሦስት ጥፍር አለው።»

ጉምጉምታ ተነሣ። ባዕልሺሌክ ዱላውን መሬት ላይ መታ። «ጥቅልሉ ከሣጥኑ በፊት የታተመ ነው ብለኸናል፣ ገርሳኮን። አውሬው ያኔ ጥፍር ኖሮት ኋላ ጠፋበት?»

ገርሳኮን ትከሻውን ነቀነቀ። «ጭቃ እኮ ነው ጌታዬ! ጭቃ አንዴ ያወጣል አንዴ ይደፍናል። እንዲያውም ጥፋቱ የጭቃውም አይደለም፤ የቀራጩ ነው። ሲቀርጸው ጥልቀት አልሰጠውም። የተበላሸ ሥራ ነው፤ ወንድሜ ሁልጊዜ ያማርር ነበር።»

«ምን አልክ?» አለ ባሌ።

«ያልኩትን ብያለሁ። እጅህ ያኔም ደክሞ ነበር።»

«የእኔ ጥፍር ነው የማይታተም? የእኔ?» ዐብዴሊም ቀና አለ። የሠላሳ ዓመት ሚስቱ ለምኜው ያልወጣው ድምፅ ያን ጊዜ ወጣ። «ጭቃ አምጡልኝ! አንተ መሃይም፣ መቶ ጊዜ ቢታተም መቶ ጊዜ ነው የሚወጣው! ጭቃ!»

ከሽማግሌዎቹ እግር ሥር የተቀመጠው ጸሐፊ ከፊቱ የነበረውን እርጥብ ጭቃ ቆርሶ ሰጠው። ባሌ እጁን ከልብሱ ሥር አስገብቶ በአንገቱ ያንጠለጠለውን ከረጢት አወጣ፤ ከከረጢቱ አረንጓዴውን ጥንዚዛ አወጣ፤ ጭቃው ላይ ጫነው፤ አነሣው። «እዩት!» ብሎ ጭቃውን ለተንበረከከው ሽማግሌ ዘረጋለት። «ቁጠር! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ማንም አልቆጠረም። ሰው ሁሉ የሚያየው በሌላ እጁ የያዘውን አረንጓዴ ድንጋይ ነበር። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ባሌ ያኔ የራሱን እጅ አየ።

በጸጸት ተናግሮ ቢሆን ምናልባት ያኔ ይቅር እለው ነበር። ልጅቷ አሳዝናው፣ ወይ እኔ አሳፍሬው ቢሆን። ሥራህ መጥፎ ነው ስለተባለ ነው የተናገረው!

«ይህ ድንጋይ» አለ ባዕልሺሌክ በቀስታ «እዚያ ምሰሶ ላይ ሲሰበር እኔም ነበርኩ።»

«መስበር አቃተኝ፣ ጌታዬ። ሌላ ነው የሰበርኩት።»

«ጥፍሩን መቼ ጨመርክ?»

«ሻፋጥ በተሻገረ በሦስተኛው ቀን።»

«ለገርሳኮንስ መቼ ሰጠኸው?»

«በክረምቱ አጋማሽ። ለሦስት ቀን።»

ገርሳኮን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለቱ ተሸካሚዎች ማንም ሳያዛቸው ክንዱን ያዙት፤ አዲሱ ካባ ትከሻው ላይ ተቀደደ። ባዕልሺሌክ ጥቅልሉን ተቀብሎ ጭቃውን በጣቱ ፈረከሰና ብራናውን በጸሐፊው እሳት ላይ ጣለው። ኪቲማዊው ባለመርከብ ከጀልባው ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አይቷል፤ አንድ ቃል ሳይናገር ቅዘፉ አለና ሄደ። በዐብዴሊም ላይም ተፈረደ፦ መሣሪያው ባሕር ይገባል፤ ከእንግዲህ በአርዋድ ድንጋይ አይነካም። በሟቹ ላይ የተፈጸመውን በደል በተመለከተ ግን የሟቹ ልጅ የምትለው ይሁን ተባለ።

እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። አዎ፣ ልናገረው፦ ኮርቻለሁ። ልጅቷን ያዳንኩ እኔ ነኝ። መጥታ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች ብዬ ክንዴን እንኳ ፈታ አድርጌያለሁ።

በትኖዓም ከሣጥኑ ላይ ተነሣች። አጎቷን ዞራ አላየችውም። ቀጥ ብላ መጥታ ባሌ ፊት ቆመችና መዳፏን ዘረጋች፤ ድንጋዩን አስቀመጠላት።

«አባቴ ሰባት ወር ሙሉ» አለች «ስሙን የሚናገርለት አጥቶ ማዶ ደጅ ቆሟል። በየወሩ ዘይት ይዤ እየተሻገርኩ መቃብሩ ላይ ሳፈስ ከማን ጋር ስነጋገር ነበር? መግነዙ ላይ የሰፋሁት ምንድን ነው? በዚህ በእጄ ነው እኮ የሰፋሁት! አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ጥፍር ትስልለት ነበር።»

«ልጄ…» አለ ባሌ።

«አንተም ልጄ አትበለኝ!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አላለቀሰችም። ድንጋዩን በጣቶቿ አገላበጠችው። ከዚያ ዓይኗን ከእሱ አንሥታ እኔ ላይ አደረገች።

«መሰርሰሪያ የሚይዘው ሁለት እጅ ነው» አለች። «ደጋኑን ማን ሳበ?»

ደሴቲቱ ላይ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በሥራ ቤታችን ደጅ ያለፈ ሁሉ እኔን ደጋን ስስብ አይቷል። እስካሁን ግን «ቀረጸለት» እያልኩ ነው ያወራሁት፤ እሱ ብቻውን እንደቀረጸ አድርጌ።

እኔ ነኝ የሳብኩት። በሦስተኛው ቀን «ነይ ሳቢልኝ» አለኝ፤ ገብቼ ቅጥራኑ ላይ ያለውን ሳይ ጮኽኩ፤ ሰደብኩት፤ አንተ ሬሳ ዘራፊ አልኩት። ከዚያ ተቀመጥኩና ደጋኑን ያዝኩ። አሥራ አንድ ዓመት ስለዚያ እግር ስሰማ ኖሬ እኔም ሲያልቅ ማየት ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰባት ወር ሙሉም፣ በትኖዓም ዘይቷን ይዛ በደጃችን ስታልፍ ደኅና ዋልሽ እያልኩ አሳልፌያታለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሰማሁሽ» አለች። ከእኔ ጋር አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። ወደ ምሰሶው ሄዳ ድንጋዩን አውሬው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋ አስቀመጠችውና ነጠላዋን ሥሩ ዘረጋች፤ ስባሪው እንዳይበተን። «መዶሻ ይዘሽ መጥተሻል አይደል?»

መዶሻውን ይዤ የመጣሁት እሱን ላሸማቅቅበት ነበር። ከመቀነቴ አወጣሁት። ባሌ ወደ ባሕሩ ዞረ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው፤ ጠዋት ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ሴቶችም ዓሣቸውን ይዘው ተመልሰው መጥተዋል።

መታሁት። አራት ቦታ ተሰነጠቀ፤ ራሱ ለብቻ፣ ክንፎቹ ለብቻ፣ ስሙ ለብቻ። በትኖዓም ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ለቀመችና መጨረሻው ላይ እጇን አቆመች። የኋላ ግራ እግሩ ያለበት ስባሪ ምንም ሳይሆን ሙሉውን ወጥቷል። ሦስቱ ጥፍሮች በፀሐዩ ጥርት ብለው ይታያሉ። ያምራል፤ አልዋሽም፣ ያምር ነበር።

ስባሪውን ምሰሶው ላይ መልሼ አስቀመጥኩና እንደገና መታሁት።